የማሰቢያ ጊዜ ምንድን ነው?

የማሰቢያ ጊዜ ማለት መምህሩ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ መላሽ እስኪጠራ ድረስ ዝም የሚልበት ጊዜ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። በጀት አይፈልግም፣ ፕሮጀክተር አይፈልግም። ሲሞክሩት ግን ይከብዳል።

ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ በክፍል ውስጥ የሚደረጉ ንግግሮችን በቴፕ እየቀዳች አጠናች። መምህራኑ ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ጥያቄውን ይደግማሉ፣ አለዚያም ራሳቸው ይመልሱታል። ዝምታው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶቹ ረዘሙ። «አላውቅም» ማለት ቀነሰ። ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ።

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ክፍል እናስብ። «ባቡሩ ድሬ የገባው መቼ ነው?» ሲባል የፊት ወንበር ልጆች ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር! ቲቸር!» ይላሉ። በ1895 ዓ.ም. ነው፣ አለቀ። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቀውን ቢጠብቁት ከየት ያመጣዋል? ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ዝምታ ብዙም አይጠቅምም።

ጥያቄው «ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረርን የመሰለ የቆየ የንግድ ከተማ ትቶ ለምን እዚህ ቆላ ላይ አረፈ?» ቢሆንስ? በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ ወደ ሐረር ሲወጣ ጠመዝማዛው ያጥወለወለው ልጅ የመልሱን ግማሽ ይዟል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ወጪውም አይቀመስም። ግን ያንን መንገድ ከሐዲዱ ጋር ለማገናኘት ልጁ ትንሽ ፋታ ይፈልጋል። እሱ አፉን ሳይከፍት የፊት ወንበሩ ከቀደመው ሐሳቡን ይተወዋል።

እኛ ጋ ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ፣ ሰፈር ሲወጣ አማርኛ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ። አንድ ሰከንድ ጥያቄውን ለመረዳት እንኳን አይበቃውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ እኔ አምስት ሰከንድም በዛ አልልም።

ዝምታው እንዳይሰበር «እጅ አውጡ እስክል ማንም እጅ አያውጣ» ማለት ይረዳል። መልሱን መጀመሪያ ደብተር ጠርዝ ላይ ማስጫር ደግሞ የበለጠ ይሠራል፣ በተለይ ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል። መምህሩ በልቡ ይቁጠር። «እሺ... ማነው የሚነግረኝ... ቀላል እኮ ነው» እያለ መሙላት ግን ዝምታ አይባልም።

ብዙዎች የሚረሱት ሁለተኛ ዝምታም አለ፤ ከመልሱ በኋላ የሚመጣው። ልጅቷ «ተራራ ስላለ» ትላለች። «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ከተባለ ነገሩ እዚያው ተዘጋ። መምህሩ ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ ቢያያት ግን «...ባቡሩ ስለማይችለው» ብላ ትቀጥላለች፤ ካልሆነም ከኋላ አንዱ «ታዲያ መኪናው እንዴት ቻለ?» ይላል። ከራሳቸው ጥያቄ ከመጣማ አቦ፣ ክፍሉ ሞቀ!

«ቻፕተሩ አያልቅልኝም» የሚል መምህር አይጠፋም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ለአሥር ጥያቄ ሦስት ሦስት ሰከንድ ቢጨመር በጠቅላላው ግማሽ ደቂቃ ነው።