«ከገባማ ይተኮሳል»፦ ስለ ፍሌር ጋን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሁድ ዕለት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሣ ጥብስ እየጠበቅን ነው። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ብርቱካናማ የፕላስቲክ ሽጉጥ ነው። ጀልባ ላይ ችግር ሲደርስ ቀይ ብርሃን ወደ ሰማይ ተኩሰው ሰው የሚጠሩበት፣ ፍሌር ጋን የሚሉት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ግን የሾትጋን፣ ማለትም የአደን ጠመንጃ፣ ጥይት አጎረሰው፣ ተኮሰ፣ ሳቀ። ጓደኛችንም «አያችሁ? አንድ ናቸው እኮ!» አለ። ዓሣው እስኪደርስ ተከራከርን።

«ከገባማ ይተኮሳል።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መግባቱንስ ይገባል። ብዙዎቹ የጀልባ ፍሌር ጋኖች 12 ካሊበር ናቸው፤ እንደ ሾትጋኑ ሁሉ የአፈሙዛቸው ስፋት 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ግፊቱ ላይ ነው። የፍሌሩ ባሩድ ሥራው አንዲት የምትነድ ኳስ ወደ ላይ መወርወር ብቻ ስለሆነ ጥቂት ነው። የ12 ካሊበር ሾትጋን ጥይት ግን ግፊቱ በግፊት መለኪያው በፒኤስአይ እስከ 11,500 ሊደርስ ይችላል። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የቤት መኪና ጎማ ስታስነፉ የሚሞላላችሁ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ወደ 380 እጥፍ ማለት ነው። ያንን በፕላስቲክ፣ ከፊታችሁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ! ሲፈነዳ ቀድሞ የሚያገኘው ጣትና ዓይን ነው።

«ሰውዬው ምንም አልሆነም።» ቪዲዮው እኮ አንድ ተኩስ ላይ ነው የሚያልቀው። ፕላስቲኩ በመጀመሪያው ላይሰበር ይችላል። ስንጥቁን ይዞ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

«ውስጡ የብረት ቱቦ ብናስገባበትስ?» ይቺን ያመጣት ብየዳ የሚሠራው ልጅ ነው። ጥያቄዋ አትናቅም። ግን ቱቦው ቢችለው እንኳ ማጠፊያውና መቆለፊያው ያው የድሮዎቹ ናቸው። ግፊቱ ወደፊት ብቻ አይሄድም፣ ወደኋላም ይገፋል። መቆለፊያው ከለቀቀ ቀለሁ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ነው። ልጁ ዝም አለ። የብየዳ ሰው ስለሆነ ቶሎ ገባው።

«በራሱ ጥይትማ መጫወቻ ነው።» እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ፍሌር ውስጥ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም አለ፤ ማግኒዚየም ሲነድ ሙቀቱ 3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ብረት የሚቀልጠው 1,538 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1971 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ውስጥ አንድ ታዳሚ ኮንሰርት መሀል ፍሌር ተኩሶ ኮንሰርቱ የነበረበት ካዚኖ እንዳለ ወደመ። እና በበጋ፣ ደረቅ ደንገል ባለበት የሐይቅ ዳር «ለሠርግ አድማቂ» ብሎ መተኮስ ምን የሚሉት ነገር ነው?

«ጊዜው ቢያልፍም ይሠራል።» ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለጀልባ የሚፈቀደው ከተመረተ እስከ 42 ወር ነው። ነፍስ የተንጠለጠለበት ዕቃ ላይ ቁማር አልወድም።

«አልተኮሰም፣ ከፍቼ ልየው።» ቆይ! አፈሙዙን ሰውም ጀልባም ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚነሳ ጥይት አለ።

ዓሣው ከነዳጣው መጣ። ጓደኛችን በአንድ እጁ እየጎረሰ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተው። አሁን የሚያየው የሰውዬውን እጅ ነበር።