ዓሣው ከመግባቱ በፊት፦ የቤት አኳሪየም አሠራርና አያያዝ

ቤቱ ውስጥ ዓሣ ማሳደግ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዓሣው ነው። ቀለሙ፣ ዓይነቱ፣ ስንት ልግዛ የሚለው። ስለ ውሃው የሚያስብ ጥቂት ነው። ብዙ ዓሦች በገቡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልቁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሽታ ይዟቸው ሳይሆን ገና ያልተዘጋጀ ውሃ ውስጥ ስለገቡ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ዓሦቼን ያጣሁት እንዲህ ነው። ገንዳውን በገዛሁበት ቀን ውሃ ሞልቼ፣ በዚያው ቀን ዓሦቹን አስገባሁ። ውሃው ጥርት ብሎ እያየሁት፣ በሳምንቱ አንድ በአንድ ሞተው ተንሳፈፉ። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ለዓሣ ጤነኛ እንዳልሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

እዚህ የምናወራው ጨው በሌለው ውሃ ስለሚኖሩ፣ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከረግረግ ስለመጡ ዓሦች ነው። የባሕር ዓሣ ማሳደግ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ የጨው መጠን መለካት አለ፣ ወጪውም ከበድ ይላል። ለጀማሪ ጨው አልባው ውሃ ይሻላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻይናውያን በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ፣ ጎልድፊሽ በኩሬ ያሳድጉ ነበር። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የውሃ እንስሳትን አቆይቶ ማጥናት ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1832 ሲሲሊ ደሴት ላይ የባሕር እንስሳትን የምታጠናበት የመስታወት ገንዳ ሠራች። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ደግሞ በ1850 ጎልድፊሽ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ አንድ ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚደጋገፉ አሳየ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ውሃውን የሚያበላሸውን የበሰበሰ ቅጠል ቀንድ አውጣው ይበላዋል። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ። ዋሪንግተን ያላየው አንድ ትልቅ ነገር ግን ነበር። ባክቴሪያ! ከዓሣ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ ደረጃ በደረጃ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች የባክቴሪያ ተመራማሪው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያሳየው በ1890 ገደማ ነው።

የአኳሪየም ሕይወት ያለችው በነዚህ ባክቴሪያዎች እጅ ነው። እንዴት መሰላችሁ? ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ያለማቋረጥ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ወንዝ ውስጥ ይህ አያሳስብም፤ ውሃው ብዙ ነው፣ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው ያስወጣውን መርዝ መልሶ ይተነፍሰዋል። አሞኒያ ስንጥቡን ይለበልበዋል፣ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያኔ አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ የዓሣው ደም ወደ ቡናማነት ይቀየራል፣ ውሃው ውስጥ በቂ ኦክስጅን እያለ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይ ኒትሮስፒራ የሚባለው፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት የሚጎዳው በጣም ሲበዛ ነው። እሱንም ተክሎች ይመገቡታል፣ የቀረውን እኛ ውሃ በመቀየር እናወጣዋለን።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቹ የሚኖሩት ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይና መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው። የሚባዙትም ቀስ ብለው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ያህል እስኪሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ገንዳውን ያለ ዓሣ ማስጀመር ነው። ማጣሪያውንና ማሞቂያውን አብሩ፣ ከዚያ ሽቶም ሳሙናም ያልገባበት አሞኒያ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል እስኪሆን ጨምሩ። በውሃ መመርመሪያ ኪት በየሁለት ሦስት ቀኑ ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይወጣል፣ በኋላ እሱም ይወርድና ናይትሬት ብቻ ይቀራል። የጨመራችሁት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ አልቆ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ገንዳው ደርሷል ማለት ነው። ያኔ አብዛኛውን ውሃ ቀይሩና ዓሣ አምጡ። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከማጣሪያው አንድ ቁራጭ አሮጌ ስፖንጅ ለምኑት፤ ያቺ የቆሸሸች ስፖንጅ ሳምንታት ትቆጥብላችኋለች። የባዶውን ገንዳ ወር መታገሥ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ። ግን ከዚህ ሥራ ሁሉ እሱን የሚተካ የለም።

የቧንቧ ውሃ ሌላ ጉዳይ አለው። ለኛ ጤና ሲባል የሚጨመርበት ክሎሪን ስንጥብንም ባክቴሪያንም ይገድላል። ውሃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣዋል። አንዳንድ ከተሞች ግን የሚጠቀሙት ክሎራሚን ነው፣ እሱ በማሳደር አይወጣም። በሁለቱም ላይ የሚሠራ የውሃ ማስተካከያ ጠብታ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ውሃን ማሳደር ክሎሪን ለማስወጣት ነው እንጂ ባክቴሪያ ለማሳደግ አይደለም፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

አሁን ወደ ገንዳው። ጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀለኛል ይላል፣ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ሲያንስ መርዙ ቶሎ ይጠነክራል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይለዋወጣል። ከ60 እስከ 100 ሊትር ያለው ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ክቧን የመስታወት ጎድጓዳ እርሷት። ማጣሪያና ማሞቂያ በደንብ አይገጠምባትም፣ ለዓሣም መዋኛ የላትም፤ ብትሸጥም ብታምርም መኖሪያ አይደለችም። ክብደቱንም አስቡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ገንዳ ከመስታወቱና ከጠጠሩ ጋር ከ120 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ተራ ጠረጴዛ አይችለውም። ማስቀመጫው ጠንካራና ልክ የተስተካከለ ይሁን፣ ካዘነበለ መስታወቱ ይጨነቃልና መገጣጠሚያው ሊለቅ ይችላል። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አይሁን፣ ውሃው ይሞቃል፣ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝልግልግም ይወረዋል።

ጠጠሩን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ሳሙና ግን በጭራሽ። የሳሙና ቅሪት ዓሣ ይገድላል። ለአኳሪየም የሚሆነው ባልዲም ለሌላ ሥራ የማይነካ ይሁን።

ማጣሪያው ቆሻሻ ከመያዙ በላይ የባክቴሪያው ቤት ነው። በሰዓት የገንዳውን ውሃ 4 ወይም 5 ጊዜ የሚያዞር ቢሆን ይመረጣል። በአየር ፓምፕ የሚሠራው ተራ የስፖንጅ ማጣሪያም ለትንሽ ገንዳ በቂ ነው፣ ውሃውንም ስለሚያናውጥ ኦክስጅን ያስገባል። ኦክስጅን የሚገባው ከአረፋው ሳይሆን በዋናነት ከሚናወጠው የውሃ ገጽ ነው። ስፖንጁ ሲደፈን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት! ስንት ሳምንት የጠበቃችሁትን ባክቴሪያ በአንድ ደቂቃ ታጥቡታላችሁ። ከገንዳው በወጣ አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ነው።

ለሞቃት አካባቢ ዓሦች ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ማሞቂያው በግምት ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ይበቃዋል፤ ቴርሞሜትር ግን ለብቻው ይኑር፣ ማሞቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ፤ ከውሃ ከወጣ ግሎ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ውሃ እዚያው እንዲንጠባጠብ። መብራት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። ክዳንም ይኑረው፣ ዓሣ ይዘላል።

ተክል የምትፈልጉ ከሆነ፣ እንድትፈልጉ እመክራለሁ፣ በአኑቢያስና በጃቫ ፈርን ጀምሩ። ብዙ ብርሃን አይጠይቁም። ወፍራም አግዳሚ ግንዳቸውን ግን ጠጠር ውስጥ አትቅበሩት፣ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ በክር ማሰር ነው። ተክል አሞኒያ ይመገባል፣ ለፈሪ ዓሣ መደበቂያ ይሆናል፣ አልጌንም ይሻማዋል።

ዓሣ ስትመርጡ የሚደርስበትን መጠን ጠይቁ እንጂ አሁን ያለበትን አትዩ። ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው ጎልድፊሽ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ልታድግ፣ በደንብ ከተያዘች ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። እሷም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለምትወድ ከሞቃት አካባቢ ዓሦች ጋር አትመቻችም። መስታወት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው ተራ ፕሌኮ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ኒዮን ቴትራ ብቻዋን አትኖርም፣ ቢያንስ 6 ሆነው በመንጋ ሲሄዱ ነው ቀለማቸውም ጠባያቸውም የሚወጣው፤ ትንሽ ስስ ስለሆኑ ግን ገንዳው ጥቂት ወር ካለፈው በኋላ ቢገቡ ይሻላል። ኮሪዶራስም በመንጋ ነው፣ ወለሉን ይለቅማል፣ ሹል ጠጠር አፉ አካባቢ ያሉትን ጺሞች ስለሚጎዳበት አሸዋ ይመርጣል። ዜብራ ዳኒዮ ጠንካራ ነው፣ ለጀማሪ እሱን የመሰለ የለም። ጉፒ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል፤ በየወሩ ገደማ። ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ ብቻዋን ገዝታችኋት እንኳ ልትወልድ ትችላለች። ቤታ ደግሞ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው፣ በዚህ የተነሳ በጠባብ ብርጭቆ ሲሸጥ ታያላችሁ። መተንፈስ መቻሉ ግን እዚያ ይመቸዋል ማለት አይደለም፤ ሙቅና የተጣራ ውሃ እሱም ይፈልጋል። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ገንዳ ውስጥ ከገቡ እስከ ሞት ሊደርስ የሚችል ጠብ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታስገቡ። ጥቂት አስገብታችሁ ሁለት ሳምንት ቆዩ፣ ባክቴሪያው ከጨመረው አሞኒያ ጋር እኩል እንዲሆን። ዓሣው የመጣበትን ፌስታል ሳትፈቱ ገንዳው ላይ 15 ደቂቃ ያህል አንሳፍፉት፣ ከዚያ ከገንዳው ውሃ ትንሽ ትንሽ ጨምሩበት፣ በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ። የፌስታሉን ውሃ ግን ድፉት። ቦታ ካላችሁ አዲስ ዓሣ በሌላ ትንሽ ገንዳ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ምግብ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ። ዓሣ ሰው ባየ ቁጥር ይለምናል፣ ጠግቦም ይለምናል፤ በርኅራኄ የተጨመረው ቁንጥር ምግብ ወለል ላይ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። በየሳምንቱ ደግሞ ከውሃው ከ20 እስከ 30 ከመቶ ቀይሩ። በቱቦ ከጠጠሩ መሃል ቆሻሻውን እየሳባችሁ አውጡ፣ ክሎሪኑ የወጣለትንና ሙቀቱ የተቀራረበውን ውሃ በቀስታ መልሱ። ሁሉንም ውሃ በአንዴ መገልበጥና ገንዳውን ፈግፍጎ ማጠብ፣ ንጽሕና ቢመስልም፣ ዓሣውን ድንጋጤ ውስጥ የሚከት ነው። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ላይም ብዙ አትጨነቁ። ሱቅ ውስጥ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ዓሦች ከ6.5 እስከ 7.8 ባለው ይኖራሉ፤ የሚጎዳቸው ቁጥሩ ሳይሆን በኬሚካል ወዲያ ወዲህ መመላለሱ ነው።

ከበሽታዎቹ በብዛት የሚታየው ነጭ ነጥብ ነው፤ ዓሣው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሰውነቱንም ድንጋይ ላይ ያሻሻል። የሚያመጣው ቆዳው ሥር የሚገባ ጥገኛ ነው። ይህ ጥገኛ ከጠገበ በኋላ ወለል ላይ ይወድቅና እስከ ብዙ መቶ ሆኖ ተከፋፍሎ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛል። መድኃኒት የሚያገኘው በዚያች የመዋኛ ጊዜው ብቻ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብላችሁ መድኃኒቱን አታቁሙ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን ጨርሱ። ክንፉ ጫፉ ላይ የሚበሰብስ ዓሣ ካያችሁ ግን ከመድኃኒት በፊት ውሃውን ለኩ፤ ብዙ ጊዜ መነሻው እሱ ነው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል።

ማሳደጉ ቢሰለቻችሁ ወይም ዓሣው ገንዳውን ቢያልፍ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት። የተለቀቁ ጎልድፊሾች በብዙ አገሮች ሐይቅ ወርረው የአገሩን ዓሣ አስቸግረዋል። ለሚያሳድግ ሰው ስጡ፣ ወይም ሱቁ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ለጥቂት ቀን ከቤት የምትወጡ ከሆነ አትጨነቁ። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ዓሣ አንድ ሳምንት ሳይበላ ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነና ጎረቤት እንዲመግብላችሁ ካስቸገራችሁ፣ የየቀኑን ምግብ በወረቀት ለየብቻ ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበት፣ ጣሳውን ግን ደብቁት።