መዝገብ ላይ የሌሉ ታካሚዎች፦ ስለ አእምሮ ጤና አገልግሎት ዕቅድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በአካባቢው ስንት የአእምሮ ሕመምተኛ እንዳለ የክሊኒኩ መዝገብ ይነግረናል።»

መዝገቡ የሚነግረን ማን እንደመጣ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጃርቪስ ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አስተውሎታል። ታካሚዎች ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ከየት እንደሚመጡ ሲመረምር፣ በሆስፒታሉ አቅራቢያ የሚኖሩት ከሕዝብ ብዛታቸው አንጻር ከሩቆቹ በልጠው አገኛቸው። ሕመሙ እዚያ በርትቶ አልነበረም፤ ሌሎቹን ያስቀራቸው መንገዱ ነበር። ዛሬም ርቀት፣ የሕክምና ወጪና መገለልን መፍራት ብዙዎችን ከመዝገብ ውጭ ያስቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ሳይኮሲስ (ከእውነታ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች 71 በመቶዎቹ የአእምሮ ጤና አገልግሎት አያገኙም። በመዝገብ ብቻ የሚያቅድ ሰው እነዚህን ሁሉ እንዳልተፈጠሩ ይቆጥራቸዋል። የሚያስቆጣው ደግሞ ስሕተቱ እየሰፋ መሄዱ ነው፤ ጥቂት ታካሚ የተመዘገበበት ቦታ ጥቂት በጀት ይመደብለታል፣ በጀቱ ሲያንስ የሚመጣው ሰው ይበልጥ ይቀንሳል።

«እንግዲያው የዓለምን አማካይ በነዋሪው ቁጥር ማባዛት ይበቃል።»

ለመነሻ ያህል ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8 ሰዎች አንዱ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር፤ 200,000 ነዋሪ ባለበት አካባቢ ይህ 25,000 ሰው ማለት ነው። ነገር ግን አማካይ ልዩነትን ይደብቃል። ከሕመሞቹ ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት በመሆኑ፣ ወጣት የበዛበት ቦታ ትምህርት ቤቶችን ያካተተ አገልግሎት ይፈልጋል። ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ድርሻው ከ5 ሰዎች ወደ አንድ ይጠጋል። ስለዚህ የዕድሜ፣ የድህነትና የመፈናቀል መረጃ ከስሌቱ መግባት አለበት።

«ይህን ሁሉ ሰው ለማከም ትልቅ የሳይካትሪ ሆስፒታል ያስፈልጋል።»

ከ25,000ዎቹ ብዙዎቹ የድብርትና የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ አብዛኞቹን በአቅራቢያቸው ያለ በቂ ሥልጠና ያገኘ የጤና ባለሙያ ሊረዳቸው ይችላል። ሳይኮሲስን ከሚያስከትሉ ሕመሞች አንዱ የሆነው ስኪዞፍሬኒያ በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች አንዱን ገደማ ያጠቃል፤ በዚያው አካባቢ ወደ 670 ሰው ይሆናል። እነዚህ የማይቋረጥ መድኃኒትና የዓመታት ክትትል፣ አንዳንዴም ተኝቶ መታከም ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ያልለየ ዕቅድ አልጋ ሲያበዛ ክትትሉን ይረሳል።

«የሕዝብ መረጃ መሰብሰብ ምስጢር ማባከን ነው።»

ለዕቅድ ስም አያስፈልግም፤ ዕድሜ፣ ጾታና የመኖሪያ አካባቢ ይበቃሉ። ሆኖም ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በአንዲት ትንሽ መንደር ሁለት ታካሚ ብቻ ካለ፣ ስማቸው ባይጻፍም ጎረቤት ያውቃቸዋል። ስለዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ከአጎራባች አካባቢዎች ጋር ተደምረው ብቻ ይወጣሉ።

«አገልግሎቱ ከተከፈተ በኋላ ታካሚ ከበዛ፣ ሕመሙ ተባብሷል።»

ብዙውን ጊዜ የሆነው ተደብቀው የቆዩት መምጣታቸው ነው። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው 670ዎቹ መካከል 100 ብቻ ይታከሙበት በነበረ ቦታ ቁጥሩ 300 ከደረሰ፣ አገልግሎቱ እየሠራ ነው፤ ገና ያልተደረሰባቸው 370ዎቹ ደግሞ በየትኛው ሰፈር እንደቀሩ መፈለግ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሥራ ነው።