በቡድን ሆኖ በመርከብ ወደ አላስካ መጓዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስም ወደ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ የሚሄዱ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ከወደቧ ይነሳሉ። ቤተሰብ፣ የማኅበር አባላት ወይም አብሮ አደጎች ተሰባስበው ይህን ጉዞ ሲያቅዱ በተደጋጋሚ የሚነሱ ግምቶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ጉዞውን ከነጭራሹ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

«ተነስተን የምንመለሰው ሲያትል ስለሆነ ከአሜሪካ አልወጣንም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሻንጣ ተይዞ ወደብ ከተደረሰ በኋላ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሌላ አገር ባንዲራ የያዙ መርከቦች የውጭ ወደብ ሳይነኩ እንዲህ ያለውን የደርሶ መልስ ጉዞ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የሌላ አገር ባንዲራ የያዙ ናቸው። ስለዚህ መርከቡ ብዙውን ጊዜ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ለጥቂት ሰዓታት ይቆማል። መንገደኛው እዚያ ባይወርድም፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት መያዝ ይኖርበታል። ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ አስተባባሪው ቀብድ ከመሰብሰቡ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ፓስፖርት ተቀብሎ የሚያበቃበትን ቀን በዓይኑ ማየት አለበት። ጥገኝነት አግኝቶ ግሪን ካርድ ገና ያልደረሰው ሰው ካለም ጉዳዩ ከምዝገባ በፊት ተጣርቶ ማለቅ አለበት።

«አላስካ በረዶ ብቻ ነው፤ ነጭ ድብ እናያለን፣ ሌሊት ሰማዩ በአረንጓዴ ብርሃን ሲደምቅ እናያለን።»

መርከቦቹ የሚሄዱበት አካባቢ በአሜሪካ ትልቁ ብሔራዊ ደን የሆነው የቶንጋስ ደን የሸፈነው ዝናባማ አገር ነው። በኬቺካን ከተማ በዓመት 4 ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከወፍራም ካፖርት ይልቅ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ ይጠቅማል። ነጭ ድብ የሚኖረው ከዚያ እጅግ ርቆ በሰሜን ውቅያኖስ ዳርቻ ሲሆን፣ በዚህ በኩል ያሉት ቡናማና ጥቁር ድቦች ናቸው። የሰማዩን ብርሃን ለማየት ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል፤ በሰኔ ግን ጁኖ ከተማ ላይ ቀኑ 18 ሰዓት ያህል ይረዝማል።

«የምንሄደው ሰው ረግጦት ወደማያውቅ ምድር ነው።»

ይህ አባባል ለባለቤቶቹ ፍትሐዊ አይደለም። የብዙዎቹ ጉዞዎች ዋና መዳረሻ የሆነው ግሌሸር ቤይ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ሁና ትሊንጊት የተባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ አገር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የበረዶ ግግሩ ወደፊት እየገፋ መንደሮቻቸውን ሲውጥ አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1794 የእንግሊዝ መርከበኞች በዚያ ሲያልፉ የባሕር ወሽመጡ ገና በበረዶ የተሞላ ነበር፤ የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሚዩር በ1879 ሲደርስ ግን ግግሩ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ነበር። ቦታው በኋላ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የትሊንጊት ሰዎች ለዘመናት ያደኑበትና ዓሣ ያጠመዱበት መብት በብዙ ገደብ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በፓርኩ ውስጥ በባርትሌት ኮቭ የጎሣቸው ቤት ተሠርቶ ተመረቀ። ዛሬ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች እንዲገቡ አይፈቀድም። የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው ወደ መርከቡ ይወጣሉ፤ በድምፅ ማጉያም ስለ ቦታው ያስረዳሉ። መንገደኛው እዚያ አይወርድም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከመርከቡ ላይ ሆኖ ነው። ይህንን ቀን ክፍል ውስጥ ተኝቶ ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

«መንገዱ በደሴቶች የተከለለ ስለሆነ ማዕበል የለም።»

ከካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ለሚነሱት በአብዛኛው እውነት ነው። ከሲያትል የሚነሱት ትልልቅ መርከቦች ግን ብዙውን ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ በክፍት ውቅያኖስ ስለሚያልፉ፣ ለማቅለሽለሽ የሚሆን መድኃኒት መያዝ ያስፈልጋል።

«አንዴ ከተከፈለ ሁሉም ነገር ተጠቃሏል።»

ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ለሁለት ለሚጋሩ የአንድ ሰው ዋጋ ነው፤ የሠራተኞች ጉርሻ፣ ኢንተርኔት፣ መጠጥና በየወደቡ የሚደረጉ ጉብኝቶች ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላሉ። ምግቡ ተካቷል፤ ነገር ግን ጾመ ሐዋርያትና ፍልሰታ የሚውሉት በዚሁ ወቅት ስለሆነ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ሲመዘገቡ መጠየቅ አለበት። ሐላል ሥጋም እንደዚሁ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ሳይጠይቁ ይኖራል ብሎ መሳፈር አይገባም።

«ብዙ ስለሆንን መርከቡ ይጠብቀናል።»

መርከቡ የሚጠብቀው በራሱ በኩል በተያዘ ጉብኝት ላይ ሆነው የዘገዩትን ነው። በራሳቸው ታክሲ ይዘው የወጡ ሃያ ሰዎችም ቢሆኑ ከሰዓቱ ካለፉ ይቀራሉ። ከጁኖ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ የመኪና መንገድ ስለሌለ፣ እዚያ የቀረ ሰው ያለው ምርጫ በራሱ ወጪ አውሮፕላን ወይም የሕዝብ ጀልባ መያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓስፖርትና የዘወትር መድኃኒት ክፍል ውስጥ ተትቶ ወደ ከተማ አይወጣም።