ቤት ሲሸጥ፦ ከውልና ማስረጃ እስከ ስም ዝውውር

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሸጦ ወይም ገዝቶ «ውልና ማስረጃ» ያልሄደ ሰው ብዙ አይገኝም። የመሥሪያ ቤቱ የአሁን ስም የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ ሕዝቡ ግን የድሮውን አልለቀቀም። የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሲሆን፣ ይህ አዋጅ የ1995ቱን አዋጅ ቁጥር 334 ተክቷል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ያገለግላል። በክልሎች ሥራው የክልሎቹ ነው።

የቤት ሽያጭ ውልን በአዋዋይ ፊት የማድረግ ግዴታ ግን ከአዋጁ በፊት የነበረ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ይህ ድንጋጌ ለረጅም ጊዜ ጠበቆችን ሲያከራክር ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁርጡን ተናገረ። በአዋዋይ ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት አይጸናም አለ። ቤት በመንደር ውል፣ ማለትም አዋዋይ ፊት ሳይቀርቡ በመሃላቸው በተጻፈ ወረቀት፣ ገዝተው ዓመታት የኖሩ ሰዎች ደነገጡ። በኋላ የመጡ የሰበር ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን ካልካደ ጉዳዩ በሌላ መንገድ የሚታይበትን በር ከፍተዋል። ባንኮችም በመያዣ የሚሰጡት ብድር እንዳይጓተት በ2001 በወጣው አዋጅ ቁጥር 639 በአዋዋይ ፊት ከመዋዋል ግዴታ ነፃ ወጥተዋል። ተራው ገዢ ግን ሻጬ አይክድም ብሎ ሀብቱን ሁሉ ማስያዝ የለበትም። የቤት ዋጋ በጥቂት ዓመት እጥፍ ሲሆን የማይክድ የነበረው ሰውም ሊክድ ይችላል።

የመንደር ውል በብዛት የታየበት አንዱ ቦታ ኮንዶሚኒየም ነው። በዕጣ የተገኘ ቤት ለአምስት ዓመት አይሸጥም ስለተባለ ውልና ማስረጃ አያዋውልም። ሰዎቹ ታዲያ ሽያጩን በብድር ውል፣ በውክልና ወይም በኑዛዜ ሸፍነው ይዋዋላሉ። እንዲህ ያለው ወረቀት ማኅተም ቢኖረውም የተመሰከረው ለብድሩ ወይም ለውክልናው እንጂ ለሽያጩ አይደለም።

ሰነድ አረጋጋጩ ፊት ሲቀርቡ ምን ይሆናል? ሻጭና ገዢ መታወቂያቸውን ያሳያሉ። ሻጩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ያቀርባል። ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ማለትም በባንክ እንዳልተያዘና በፍርድ ቤት እንዳልታገደ መጣራት አለበት። አረጋጋጩ የውሉ ይዘት ሕግ የሚጥስ አለመሆኑንና ተዋዋዮቹ ችሎታና መብት ያላቸው መሆኑን ያያል። ከዚያ ፊቱ ይፈርማሉ። ቤት ተፈርሞ የመጣ ወረቀት ላይ ማኅተም ማስመታት የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ፈራሚው ራሱ ቀርቦ በፈቃዱ መፈረሙ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሚያደርገው የጣት አሻራም ሆነ ፊርማ የሚያስገድደው በአዋዋይ ወይም በዳኛ ከተረጋገጠ ነው። ይህ ጥበቃ ትልቅ ነገር ነው። አሮጊት እናትን «እዚህ ጋ አሻራ ያድርጉልኝ» ብሎ ቤታቸውን መውሰድን የሚከለክለው እሱ ነው።

በዚህ መንገድ የተረጋገጠ ሰነድ ላይ ያለው እምነት ከፍተኛ ነው። በቂ ምክንያት ኖሮ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር በውስጡ ያለውን ማስተባበል አይቻልም።

ብዙ ሰው ወረፋ ጠብቆ ባዶ እጁን የሚመለሰው በትዳር ጉዳይ ነው። ካርታው በአንድ ሰው ስም ስለሆነ ያ ሰው ብቻ ቢፈርም የሚበቃ ይመስለዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በባልና ሚስት ስምምነት ነው ይላል። ስለዚህ ያገባ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ይቀርባል ወይም ውክልናዋን ይዞ ይመጣል። ያላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ይህ ከታለፈ ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ገዢ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሻጩን ሚስት ወይም ባል ቢያነጋግር ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ውርስ የሆነ ቤት ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከወራሾቹ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ካለ የእሱን ድርሻ ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላለ ሰው መንገዱ ውክልና ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለማከራየትና ለማስተዳደር ይሆናል እንጂ ለመሸጥ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መሸጥ የሚለው ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ። የቤቱ አድራሻና የካርታው ቁጥርም ቢገባበት ጥሩ ነው። ውክልናው ባሉበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ወካዩ ሐሳቡን ከቀየረ መሻሪያውም እንዲሁ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። ለእህት ወይም ለወንድም በስልክ «ከእንግዲህ አትሽጥ» ማለት ብቻ ውክልናውን ከመዝገብ አይሰርዘውም። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው በመርህ ያበቃል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ አንድ ከባድ ሥራ ይቀራል፤ ስም ማዞር። ውልና ማስረጃ የሚመዘግበው ውሉን ነው። የቤቱን ባለቤትነት የሚመዘግበው የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤቱ ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ቁጥር 1185 ባለቤትነቱ እንዲተላለፍ መመዝገብን ይጠይቃል። ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የለውም ይላል። በዚህ መሀል ካርታው አሁንም በሻጩ ስም ነው። ለሻጩ ገንዘብ ያበደረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። ገዢው ውሉን ይዞ ይሟገታል፣ ግን ከመመላለስ አይድንም።

ስለዚህ የተረጋገጠው ውል እጅ በገባ ሰሞን ወደ ክፍለ ከተማው መሬት ይዞታ ቢሮ መሄድ ነው። ውሉ፣ ዋናው ካርታ፣ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት) እና የሁለቱ ወገኖች መታወቂያ አብረው ይያዙ። የቴምብር ቀረጥና ሽያጩ ያስገኘው ጥቅም ላይ የሚጣል ግብርም አለ። ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ አስቀድሞ ቢጻፍ ጥሩ ነው፤ ካልተጻፈ ሻጭና ገዢ የሚጣሉት በክፍያው መስኮት ላይ ነው፣ ስሙም እስኪስማሙ ድረስ አይዞርም።