ጣና ውስጥ ካሜራ ይዞ መጥለቅ፦ የሚወራውና እውነታው

ባህር ዳር ላይ ጎፕሮ ያለው ልጅ በዝቷል፣ ጅቡቲ ወይ ግብፅ ሄዶ የስኩባ (በአየር ታንክ እየተነፈሱ የመጥለቅ) ኮርስ ወስዶ የመጣም አይጠፋም፣ እና ጥያቄው አይቀርም፦ ጣናን ከታች ብንቀርጸውስ? ይቻላል። ግን ስለ መንሳፈፍ (ውሃ ውስጥ ሳይሰምጡ ሳይነሱ ስለ መቆየት) እና ስለ ካሜራ አያያዝ ከሚወራው ግማሹ ለባህር የሚሰራ ነው፣ ግማሹ ደሞ የትም አይሰራም። ኮርስ ያልወሰደ ሰው ይሄን አንብቦ እንዳይገባ፣ መጀመሪያ ኮርሱን ይውሰድ።

«ጣና ጥልቀት የለውም፣ ስለዚ ቀላል ነው»

እኔ ከሁሉም በላይ የምጣላው ከዚች ጋር ነው። ሐይቁ እውነትም ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ አማካዩ ደሞ 8ና 9 ሜትር መሃል። ግን መንሳፈፍን የሚያስቸግረው ጥልቁ ውሃ ሳይሆን ላይኛው ነው። ባህር ላይ ከላይ ተነስታችሁ 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ ቢሲዲው (አየር የሚነፋበት የጠላቂ ጃኬት) ውስጥ ያለው አየር በግማሽ ይጨመቃል፣ ከ10 ወደ 20 ስትወርዱ ግን የሚቀንሰው ሲሶው ብቻ ነው። እኛ ጋ ደሞ ሐይቁ ራሱ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ የላዩ አየር ግፊት 0.8 ባር አካባቢ ስለሆነ እጥፍ ለመሆን 8 ሜትር ይበቃዋል። በቃ፣ ሐይቁ ከሞላ ጎደል ሙሉው አየር በጣም የሚቀያየርበት ክልል ነው። ካሜራው ላይ አፍጥጣችሁ አንድ ሜትር ከፍ ብትሉ አየሩ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይበልጥ ያነሳችኋል፣ ሳታስቡት ላይ ናችሁ፣ ላይ ደሞ ወደ ዘጌ የሚሄድ የሞተር ጀልባ አለ።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። የተለመዱት የዳይቪንግ ሰንጠረዦች (ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት) እስከ 300 ሜትር ከፍታ ነው የሚሰሩት፣ ከዛ በላይ የከፍታ ማስተካከያ ያስፈልጋል፣ ጣና ላይ 14 ሜትር ማለት በሰንጠረዡ ስሌት ባህር ላይ 17 ሜትር እንደመውረድ ነው። እጃችሁ ላይ የምታስሩት የዳይቪንግ ኮምፒውተር ከፍታውን ራሱ ያውቀዋል ወይስ እናንተ ናችሁ የምትሞሉት፣ ቤት እያላችሁ እዩት። ጅቡቲ ጠልቆ በማግስቱ በጠዋት ወደዚህ ለሚበርም እንደዛው፣ አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ የደጋገመ ሰው 18 ሰዓት ይጠብቃል።

«ባህር ላይ የያዝኩትን እርሳስ ልያዝ»፣ «እርሳስ ቢበዛ አይጎዳም»

ይጎዳል እንጂ። እርሳስ የምንለው ለመስመጥ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ከባድ ብረት ነው። የባህር ውሃ በጨው ምክንያት ከጣና ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፣ ስለዚህ እናንተና ዕቃችሁ በሙሉ 100 ኪሎ ከሆናችሁ እዚህ 2.5 ኪሎ ገደማ እርሳስ መቀነስ አለባችሁ። ያልቀነሰ ሰው ምን ያደርጋል፣ ያንን ለማካካስ ቢሲዲውን ይነፋል፣ የነፋው አየር በየሜትሩ ይሰፋል ይጠባል፣ ስለዚህ ሲነፋ ሲያስተነፍስ ይውላል። እግሩም ወደ ታች ይዘቀዘቃል። የጣና ወለል ደሞ አሸዋ እንዳይመስላችሁ፣ ጉማራና ርብ፣ ግልገል አባይና መገጭ ያመጡት ደለል ነው፣ አንዴ በፊን (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) ከነካችሁት ከስር ቡናማ ጭስ ይነሳል፣ ማስኩ ድረስ ይመጣል፣ የራሳችሁን እጅ አታዩም፣ ቪዲዮውም አለቀ። እግርን ከጉልበት አጥፎ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን መምታት ነው የሚሻለው።

ልኩን ለማወቅ ሙሉ ዕቃ ለብሳችሁ ካሜራውንም ይዛችሁ፣ ቢሲዲውን አስተንፍሳችሁ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሳችሁ ለአፍታ ዝም በሉ፣ ውሃው ዓይናችሁ ጋ ከመጣ ልክ ነው። ይሄ ግን ታንኩ ወደ ማለቁ ሲሆን ነው። በሙሉ ታንክ የምትሞክሩ ከሆነ 2 ኪሎ ገደማ ጨምሩበት፣ ምክንያቱም አየርም ይመዝናል፣ ባለ 12 ሊትር ታንክ ከ200 ወደ 50 ባር ሲወርድ ከ2 ኪሎ በላይ አየር ነው የሚወጣው፣ መጨረሻ ላይ ቀሎ የሚያነሳችሁ እሱ ነው።

«ምስሉ እንዳይነቃነቅ ትንፋሽ መያዝ»

ይሄ ይገድላል፣ ስለዚህ አላስረዝመውም። ትንፋሽ ይዛችሁ አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ብትሉ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ሳንባን ሊቀድ ይችላል፣ ቅድም እንዳልኩት ደሞ የሚብሰው እዚሁ ላይኛው ውሃ ላይ ነው። በዝግታ ተንፍሱ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ትላላችሁ፣ ምንም አይደል፣ የመቅረጫውን ቁልፍ ትንፋሽ አውጥታችሁ ስትጨርሱ ተጫኑ፣ ከዛ ወዲያው ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ተንሳፋፊ እጀታ ከገዛሁ ካሜራው አይጠፋም»

ለዋና ጥሩ ነው፣ ታች ስትሆኑ ግን ያ ብርቱካንማ እጀታ ሙሉ ሰዓት እጃችሁን ወደ ላይ ሲጎትት ነው የሚውለው፣ ካመለጠ ደሞ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ሰውም ካሜራዬ ብሎ ይከተለዋል። እዛ ላይ ነው አደጋው። ካሜራው ውሃ ውስጥ ጥቂት ግራም ብቻ ቢከብድ ይመረጣል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚወርድ። ለዚህ ባህር መውረድ አያስፈልግም፣ በርሜል ውሃ ሙሉና ካሜራውን ከነሀውሲንጉ (ውሃ ከማያስገባው ሳጥኑ ጋር) በተንጠልጣይ ሚዛን ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ዓሳ ነጋዴዎቹ ጋ የምታዩት አይነት፣ ግን ትናንሽ ግራም የሚያነብ ይሁን። ከበደ ከተባለ ፎም ጨምሩ፣ ከቀለለ እርሳስ። ባህር ላይ ልክ የነበረ ካሜራ እዚህ ትንሽ ይከብዳል፣ አትደንግጡ።

«ገመዱን እጄ ላይ ካሰርኩ በቃ»

አይበቃም። ጣና መረብ አለበት፣ ያውም ያ ቀጭኑ የናይለን መረብ ውሃ ውስጥ ጨርሶ አይታይም፣ ቀረሶና አምባዛ የያዘው መረብ እናንተንም ይይዛል። የእምቦጭ ስርም አለ። የተንዘላዘለ ገመድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠላለፈው በእሱ ነው፣ እጃችሁ ላይ ጠብቆ ከታሰረ ደሞ በአንድ እጅ ነው የምትፈቱት። ስለዚህ ገመዱ አጭር ይሁን፣ ደረት ላይ ካለው የቢሲዲ ብረት ቀለበት ጋር በመንጠቆ ይያያዝ፣ መሃሉ ላይ በአንድ ጭምቅ የሚላቀቅ ማያያዣ ይኑረው። ያ ሲሳብ የሚረዝም፣ ሲለቁት ራሱ የሚጠቀለል ገመድ (ሪትራክተር) ለቀላል ነገር ነው፣ ለከባድ ሀውሲንግ አትመኑት። መቁረጫ ሁለቱም እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን። ካሜራ ይዛችሁ ከጀልባ አትዝለሉ፣ ግቡና ጀልባው ላይ ያለው ሰው ያቀብላችሁ። ከታንኳ ግን ተዉት፣ ደንገሉ ቆንጆ ነው፣ ዘንበል ሲል ግን ሁላችሁም ውስጥ ናችሁ።

«ስልኬ ዋተርፕሩፍ ነው»

አይደለም። ስልኩ ላይ ያለው ደረጃ የተሞከረው ንጹህ ውሃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ለአጭር ጊዜ ነው።

«ውሃው ደፍርሷል፣ ጠንካራ መብራት ይዤ ልግባ»

መብራቱን ሌንሱ አጠገብ ካደረጋችሁት የሚያበራው ደለሉን ነው፣ ዓሳው ጠፍቶ ነጫጭ ነጠብጣብ ብቻ ይቀረጻል። መብራቱን ወደ ጎን አርቁት፣ በሰፊ ሌንስ በጣም ቅረቡ። ቀይ ፊልተርም ለሰማያዊ ባህር ነው የተሰራው፣ እዚህ ብርሃን ይቀንስባችኋል እንጂ ምንም አይጠቅም። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ወንዞቹ ሲሞሉ ደሞ አትልፉ፣ ምንም አይታይም።

«ጨው የለውም፣ ካሜራ ማጠብ አያስፈልግም»

ጨው ባይኖርም ደለል አለ፣ ቁልፎቹ ስር ይገባል። ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ቁልፎቹን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ከዛ አድርቁት፣ ስትከፍቱ በሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ክፈቱ ጠብታ እንዳይገባ። ኦሪንጉን (በሩን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) አውጥታችሁ በጣታችሁ ዙሩት፣ አንዲት ፀጉር ወይ አሸዋ ከተሰማችሁ እሷ ናት ውሃ የምታስገባው፣ ግሪሱን በስሱ ብቻ ቀቡ። በሚቀጥለው ቀን ደሞ ከመግባታችሁ በፊት ሀውሲንጉን ባዶውን፣ ትንሽ ሶፍት ከቶ በገመድ ማውረድ ነው፣ ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ ካሜራው ይገባል። እናንተም ብትሆኑ ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ ስላለ ውሃው ውስጥ ከገባችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ተመርመሩ።