የአሴምብሊ ቋንቋ የጀማሪ ትምህርት በሰሜን ሸዋ

አሴምብሊ ቋንቋ የፕሮሰሰር ትእዛዞች በዜሮና በአንድ ረድፍ መጻፋቸው ቀርቶ በአጫጭር ቃላት የሚጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ቃላቱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም አሴምብለር ይባላል። ጅማሬው በብዙዎች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1947 ለንደን ውስጥ ካትሊን ቡዝ ከሠራችው ሥራ ይቆጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ለጀመረው ለካምብሪጁ ኤድሳክ ኮምፒውተር ቅድሚያ የሚሰጡም አሉ።

በሰሜን ሸዋ ትምህርቱን በቅርበት ለማግኘት ከሚያስችሉት ተቋማት አንዱ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጀማሪው በተለምዶ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ተማሪው ፕሮሰሰሩን በእጁ ባይዝም በኢሙሌተር (ፕሮሰሰሩን አስመስሎ በሚሠራ ፕሮግራም) አማካይነት እያንዳንዱ ትእዛዝ በሬጂስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር በሚያዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች) ላይ ያመጣውን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ይከታተላል። 8086 ዕድሜው የገፋ ነው ተብሎ ቢተችም፣ ለስሌት በዋናነት የሚያገለግሉት ባለ16 ቢት (16 የዜሮና የአንድ ቦታዎች ያሏቸው) ሬጂስተሮቹ ኤኤክስ፣ ቢኤክስ፣ ሲኤክስና ዲኤክስ በመሆናቸው ለጀማሪ ከእርሱ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ጀማሪን አብዝቶ የሚያደናቅፈው የማካፈል ትእዛዝ ነው። ለዚህም ከአካባቢው የአብነት ትምህርት የተገኘው ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫ ስሌት) እጅግ ተስማሚ መልመጃ ነው፤ ስሌቱ በሙሉ በቀሪ ላይ የቆመ ነውና፣ ባሕረ ሐሳብን የተማረ ተማሪ መልሱን አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 395 ደርሶ 12 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም የቀጣዮቹ ስሌቶች መነሻ ቁጥር፣ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 29 ይወጣል። የአበቅቴውና የመጥቅዑ ድምር 30 መሆኑ የሁለቱ ስሌት በትክክል መሠራቱን ይጠቁማል፤ ወንበሩ ትክክል መሆኑን ግን አያሳይም።

ተማሪው 7517ን ኤኤክስ ውስጥ አስቀምጦ 19ን ባለ8 ቢት በሆነው በሲኤል (በሲኤክስ የታችኛው ግማሽ) ቢይዝ፣ ድርሻው ኤኤል (የኤኤክስ የታችኛው ግማሽ) ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ኤኤል ግን ከ255 በላይ ስለማይችል 395 አይገባበትም፣ ፕሮሰሰሩም የማካፈል ስሕተት ብሎ ያቆማል። ስለዚህ 19ን በሲኤክስ መያዝ ይገባል። በዚህ ጊዜ ተካፋዩ በዲኤክስና በኤኤክስ ጥምር 32 ቢት ስለሚሆን ዲኤክስ አስቀድሞ ዜሮ መደረግ አለበት። ዲኤክስ ውስጥ 19 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ቢቀር ያው ስሕተት ይመለሳል፤ ከ19 የሚያንስ ቢቀር ግን ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ወንበር ያወጣል፤ ከሁለቱ የከፋውም ይኸኛው ነው። ሁሉም በሥርዓት ከተሠራ ድርሻው 395 ኤኤክስ ውስጥ፣ ቀሪው 12 ዲኤክስ ውስጥ ይገኛል።

ውጤቱን በስክሪን ለማሳየት ቁጥሩ በ10 እየተካፈለ እያንዳንዱ ቀሪ 48 ይደመርበታል፤ አስኪ በተባለው የፊደላትና የአኃዞች መለያ ቁጥር ሥርዓት የ«0» ቁጥር 48 ነውና።

በእጅ ስልኮች ውስጥ የሚገኘው አርም የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የራሱ ትእዛዞች ስላሉት ለብቻው ይጠናል። በኢንቴል መስመር ግን የቀድሞው ኤኤክስ ዛሬም ባለ64 ቢቱ የአርኤኤክስ ሬጂስተር የታችኛው 16 ቢት ሆኖ ይኖራል፤ ከማካፈል በፊት የላይኛውን ክፍል የማጽዳቱ ሕግም አልተለወጠም።